ኬክሮስ የሚወስደው ሰውዬ

ሰውዬው መጀመሪያ የመጣ ቀን ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር ሁላችንም አየነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ሰው ያለውን ሁሉ ደብተርና ዩኒፎርም ላይ ጨርሶ መጋረጃ የሚገዛ የማይገኝበት ሰሞን ነበር። እኔ ባንኮኒዬ ኋላ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። ቀጠን ያለ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ጥቁር ቦርሳ በጀርባው ያነገተ ወጣት መጥቶ መተላለፊያችን አፍ ላይ ቆመ። ከቦርሳው ስልክ የሚያህል ቢጫ መሣሪያ አወጣና ወደ ሰማይ አቅንቶ ያዘው። ጠበቀ። የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ጥቂት ተራመደና እንደገና ቆመ።

መርካቶ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው የለም። የቆመ ሰው ወይ ይገዛል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ይሸከማል፣ ወይ ይለምናል፣ ወይ ደግሞ የሌላ ሰው ኪስ ያያል። ከእነዚህ አንዱንም ካላደረገ ከቢሮ የተላከ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኪስ አውላቂው ይልቅ ያስፈራል።

ሱቄን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ከተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ ሲገባ ካሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በአንዱ ውስጥ ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የመጋረጃ ጨርቅ ሱቅ ናት። እኔ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ ማስተማር ተምሬ፣ ትንሽ አስተምሬ፣ አባቴ ሲታመም «ለጊዜው» ብዬ የመጣሁ ነኝ። ያ «ለጊዜው» በዚያው ቀረ። በመተላለፊያው ሁሉም «ቲቸር» ይሉኛል፤ መንግሥት ነክ ወረቀት ሲመጣ እኔ ጋ ይመጣል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውም እኔ ጋ ይመጣል።

ፊት ለፊቴ እትዬ አሉ። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ ይሸጣሉ። ሱቅ የላቸውም። ከግድግዳው ወጣ ብሎ በጣውላ የተሠራ፣ በሸራ የተጋረደ መደብ ነው ያላቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ልጆቻቸውን በዚያ መደብ ነው ያሳደጉት። ከጎኔ ደግሞ የስፌት መኪና ዕቃና ገበር የሚሸጡት ጋሼ አሉ። በልጅነታቸው ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዜማውን ጨርሰው ባሕረ ሐሳብ ጀምረው ሳለ አንድ ቀን ተነሥተው አውቶቡስ ተራ የወረዱ፣ ከዚያም ወደኋላ ያልተመለሱ ሰው ናቸው።

እትዬ ከመደባቸው ሳይነሱ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ምን እየሸተተ ነው? ሂጂና ጠይቂው እስቲ።»

ወጣሁ። ሰላም አልኩትና ምን ልርዳህ አልኩት። ኮፍያውን ከፍ አድርጎ በትሕትና ሰላም አለኝ።

«ምንም አይደለም፣ አመሰግናለሁ። ኬክሮስና ኬንትሮስ እየወሰድኩ ነው» አለኝ።

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

ቀልዴን ይሁን የምሬን ሳይገባው ፈገግ አለ። እኔም ራሴ አልገባኝም ነበር። ማን እንደላከው ስጠይቀው ገና ያላለቀ ሥራ ስለሆነ አሁን መናገር እንደማይችል፣ ሲያልቅ ግን የሚመለከተው ሰው ሁሉ እንደሚነገረው ነገረኝ። ደህና አድርጎ ቢዋሸኝ ይሻለው ነበር። ለውኃ ቆጣሪ ነው ቢል፣ ለስልክ መስመር ነው ቢል እንተወው ነበር። «የሚመለከተው ሰው» የሚለው ነገር ግን እኛ አገር መልካም ዜና ይዞ መጥቶ አያውቅም።

ደግሞ ያ «መውሰድ» የሚለው ቃል አለ። ልብስ ሰፊ ልክ ልውሰድ ሲል ይገባናል። መርካቶ ውስጥ ግን ቦታውን ወሰዱበት፣ ሱቁን ወሰዱበት ሲባል ነው የምንሰማው። የቦታን ኬክሮስ የሚወስድ ሰው ቦታውን ትቶልን ይሄዳል ብሎ ማን ይመን?

ተመልሼ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ጋሼ በእጃቸው የያዙትን ካቻቢቴ አስቀመጡ።

«ኬክሮስ ነው ያለሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ። ኬክሮስና ኬንትሮስ።»

«ኬክሮስማ ጊዜ ነው። ቀኑን ከሌሊቱ ጋር ለስልሳ ብትከፍይው አንዱ እጅ ኬክሮስ ይባላል። የኔታ ጣታችንን እያስቆጠሩ ነው ያስተማሩን። በምን ተአምር ነው ከመሬት ላይ የሚወሰደው?»

እኔ ደግሞ በጂኦግራፊ የተማርኩትን ነገርኳቸው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን የሚለካበት ነው፣ እኛ ከምድር ወገብ በላይ ዘጠነኛው ዲግሪ አካባቢ ነን አልኳቸው። አከበሩኝ እንጂ አልተቀበሉኝም። አንቺ የተማርሽው በኋላ የመጣውን ነው አሉኝ። በመሐል እትዬ ነጠላቸውን አጣፉና፣ ሰውዬው ጊዜያችንን እየለካ ነዋ፣ አሉ። ጋሼ እንደዚያ ማለታቸው አልነበረም። ግን አይደለም ብለውም አላረሙም። ከሰዓት በኋላ ከመተላለፊያው ማዶ ካለው መጋዘን አንድ ተሸካሚ መጥቶ፣ ቲቸር፣ የቀረን አንድ ኬክሮስ ብቻ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኬክሮስ ምን እንደሆነ ስጠይቀው አያውቅም። ማለቁን ብቻ ነው የሰማው።

እንዲህ ብዬ ሳወራው የሚያስቅ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን አልሳቅንም። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ያልተነካ ሰፈር አልነበረም። መንገድ ሊሰፋ ነው ሲባል፣ ሊለማ ነው ሲባል፣ ትናንት ሻይ የጠጣህበት ቤት ዛሬ አጥር ሆኖ ታገኘዋለህ። አክስቴ የኖረችበት ቤት እንደዚያ ነው የሄደው። እሷ ስትነግረን መጀመሪያ የሚመጣው የሚለካ ሰው ነው፤ ቀጥሎ ቀለም የያዘ ይመጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ ትል ነበር። ስለዚህ ባለ ቢጫ መሣሪያው ሲመጣ እኛ የምናየው ከኋላው ያለውን ነበር።

በማግስቱም መጣ። በሳምንቱም መጣ። ሰዉ ምንም ሳይመካከር የተመካከረ ይመስል መንገድ ነሳው። ያልወጣ ዕቃ ወጣ። እኔ ራሴ ውስጥ የነበሩትን የጨርቅ ጣቃዎች ደጅ አቆምኩ። ፍራሽ ሻጩ ፍራሾቹን እስከ መሐል መንገድ ደረደረ። እትዬ የእጅ መታጠቢያ ውኃቸውን እሱ ሊቆም ያሰበበት ቦታ ላይ እየደፉ «ይቅርታ ልጄ፣ አላየሁህም» ይሉታል። እሱ ይጠብቃል፣ ዞር ይላል፣ ተመልሶ ይቆማል። ሰው ሲገፋ ካልተቆጣ አንድ የተደገፈው ነገር አለ ማለት ነው። ትዕግሥቱ ይበልጥ አስጠረጠረን።

ቆይቶ ደግሞ ሜትር አወጣ። ከአንዱ ወገን ዕቃ እስከ ሌላው ወገን ዕቃ ድረስ የቀረውን ክፍት ቦታ መለካት ጀመረ። አንድ የዋህ ጎረቤታችን ሊተባበረው ብሎ የደረደረውን ፕላስቲክ ባልዲ ሊያስገባ ሲል፣ አይ፣ ግድ የለም፣ እንዳለ ይሁን፣ አለው። ይህንን ሰምቼ ሊገባኝ አልቻለም። ሱቅ ሊያፈርስ የመጣ ሰው ግድግዳ ነው የሚለካው። ይሄ የሚለካው ባዶውን ነው።

እኔ ደግሞ ነገር ሳይገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። አንድ ከሰዓት ሻይ አዘዝኩና ግባ፣ አረፍ በል፣ አልኩት። የእግዜር እንግዳ ብዬ አልነበረም፤ ላወጣጣው ነው። ጣቃ ላይ ተቀመጠ። ሻዩን እየጠጣ ጨርቆቹን ዳሰሰ። ሁለቱ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ጨርቆች ዋጋቸው ለምን እንደተለያየ ጠየቀኝ። ወርዳቸው ነው አልኩት። ይሄኛው ወርደ ጠባብ ስለሆነ ለአንድ መስኮት ሁለት ቦታ ተቀጥሎ ይሰፋል፤ ያኛው ሁለት ሜትር ከሰማንያ ወርድ ስላለው ሳይቀጠል ይወርዳል። ሰው ቁመቱን ብቻ ለክቶ ይመጣል፤ የሚቸግረው ግን ወርዱ ነው አልኩት።

ፊቱ በራ። ፈረንጆቹ ላቲትዩድ የሚሉት ቃል ራሱ ከሥሩ ወርድ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ድሮ ምድርን የሚሥሉት ሰዎች የሚያውቁት በባሕራቸው ዙሪያ ያለውን አገር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ረጅም፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አጭር ሆኖ ታያቸው። ስለዚህ ዓለምን እንደ ጨርቅ ዘርግተው አንዱን ቁመት፣ አንዱን ወርድ አሉት። ያንቺ ወርድና የእኔ ኬክሮስ፣ አለ፣ አሁን እርስዎ ማለቱን ረስቶ፣ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው።

በደስታ ነበር የሚያወራው። አስተማሪ የነበርኩበትን ጊዜ አስታወሰኝ። ልቤ ሊለሰልስ ሲል ግን የመጣሁበትን አሰብኩ።

«ታዲያ የእኛን ወርድ ምን ሊያደርግላችሁ ፈለጋችሁት?» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አመሰገነኝና ተነሣ። መሣሪያውን ባንኮኒዬ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ቦርሳውን እስኪያነግት ድረስ መሣሪያው መስታወቱ ላይ መዝግቦ የያዛቸውን ቁጥሮች አየሁ። ዘጠኝ ነጥብ ብሎ የሚጀምር አንድ፣ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ብሎ የሚጀምር አንድ። እሱ ደጃፉን እንዳለፈ ስልኬ ላይ ጻፍኳቸውና ካርታው ላይ ፈለግኳቸው። ምልክቱ የወደቀው በእኔ ሱቅ ላይ አይደለም። በማንም ሱቅ ላይ አይደለም። መተላለፊያው ላይ፣ በትክክል እትዬ መደብ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ስልክ ትንሽ ይሳሳታል። ግን ትዝ አለኝ፤ ሰውዬው ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ እዚያ መደብ አጠገብ ነበር ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆመው። እትዬ ውኃ የሚደፉትም እዚያው ላይ ነበር።

እሑድ ቤት ውስጥ ከኮሌጅ የቀረኝን መዝገበ ቃላት አውርጄ ላቲትዩድ የሚለውን ቃል አየሁት። ሰውዬው አልዋሸም፤ ወርድ የሚል ትርጉም አለው። ከእሱ በታች ደግሞ እኔ ድሮ ያፈርኩበት ሌላ ትርጉም አለ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተርጉሚ ተብዬ «ለሠራተኛው ኬክሮስ ስጠው» ብዬ ጽፌ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህራችን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ አንድ ሰው እንደመሰለው እንዲያደርግ የሚተውለት ስፋትም በዚሁ ቃል ይጠራል፣ በአማርኛ መፈናፈኛ በሉት አለን። መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ እትዬ አሰብኩ።

ማሰቤን ያባሰው የማክሰኞው ነገር ነው። ከባንክ ስመለስ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ባለ ጭማቂ ቤት መስታወት ውስጥ እትዬን አየኋቸው። ከፊታቸው ሰውዬው ተቀምጧል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ ብለው ያናግሩታል። ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። እኚህ ሴት ናቸው ማንም እንዳያናግረው ለመተላለፊያው ሁሉ ሲያውጁ የከረሙት።

ከዚያ ወዲያ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። መተላለፊያው ጣራ ሊለብስና ተከፋፍሎ ትንንሽ ሱቅ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ነበር። ሱቅ የሌላቸው ከመሐላችን እትዬ ብቻ ናቸው። ባዶው የሚለካው ለዚህ ቢሆንስ? አባቴ እንደሞተ ሰሞን፣ እኔ ሐዘን ላይ ሳለሁ፣ መደባቸው ወደ እኔ በር አንድ ክንድ ጠጋ ብሎ ነበር። ያኔ ምንም አላልኩም። አሁን ግን ክንዱ በዓይኔ ፊት ረዘመ። እሳቸውም በበኩላቸው ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ሽንት ቤት ስሄድ ሱቄን የሚያዩልኝ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ቆልፌ መሄድ ጀመርኩ። ለመጋረጃ ጠርዝ የምፈልገውን ክር ከፊት ለፊቴ ትቼ ሩቅ ሄጄ መግዛት ጀመርኩ። አይተዋል። እንዲያዩም ፈልጌ ነበር።

በመጨረሻ ለጋሼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን እያበሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሷም ስለ አንቺ ይሄንኑ ነው ያለችኝ» አሉኝ። «ሻይ ጋብዛ ከበር ውስጥ ያነጋገረችው ቲቸር ናት፣ ቋንቋቸውንም የምታውቅ እሷ ናት፣ ሸጣናለች ብላኛለች።»

ሻይ መጋበዜ እውነት ነው። ከበር ውስጥ ማነጋገሬም እውነት ነው። እውነቶቹን አንድ ላይ ስትደረድራቸው ውሸት ሆነው ይቆማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔ ስለ እሳቸው የደረደርኩትስ ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም መጠርጠሬን አልተውኩም።

ነገሩ የፈረጠው በአንድ ጠዋት ነው። ሱቄን ስከፍት ሰውዬው እትዬ መደብ ሥር በርከክ ብሎ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ያያል። እትዬ አጠገቡ ቆመው በለሆሳስ ይለምኑታል። ቁልፉን በር ላይ እንደተሰካ ትቼ ሄድኩ። ከሥሩ ምን አለ አልኳቸው። ጋሼም ከሱቃቸው ወጡ። ሰውዬው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ወደ እትዬ ዞረ።

«እርስዎ ይንገሯቸው፣ እናቴ። ከእኔ ከሚሰሙት ይሻላል» አላቸው።

እትዬ ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። እኔን አያዩም፤ የሚያዩት ጋሼን ነው። ባላቸው የሞቱ ዓመት ቦታ ሲፈልጉ ሁሉም ቦታ ተይዞ እንደነበር፣ ክፍት የነበረው ይሄ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ክፍት የሆነው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ማንም ዕቃ እንዳያስቀምጥበት ይከለክል ስለነበር ነው። ዘበኛው ሞቶ ሰው ሲረሳው እሳቸው ጣውላቸውን ዘረጉበት። ከጣውላው ሥር የብረት ክዳን አለ። የእሳት አደጋ መኪና ውኃ የሚቀዳበት መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው። ካወቁ ጀምሮ መርካቶ ውስጥ በአንዱ ወገን ጭስ በታየ ቁጥር ምግብ አልዋጥ ይላቸዋል። ጭማቂ ቤት የቀጠሩትም እንዳይጽፈው ሊለምኑት ነበር።

«አልጽፍም ማለት አልችልም አለኝ» አሉ። «ግን የእርስዎን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፣ እስከዚያ ቦታ ይፈልጉ አለኝ። የት ነው የምፈልገው? አንቺ እዚህ አገር ክፍት ቦታ አይተሽ ታውቂያለሽ?» የመጨረሻውን ያሉት ለእኔ ነው። በዚያ ሰሞን ቀጥታ ያናገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰውዬው አሁን የሚደብቀው ስላልነበረው ሁሉንም ነገረን። እሳት ሲነሣ መኪናው በየት ሊገባ እንደሚችል፣ ውኃ የት የት እንዳለ የላኩት ሰዎች በካርታ ላይ እያስቀመጡ ነው። ጋሼ አቋርጠው፣ ታዲያ ይህንን መጀመሪያ ቀን ብትነግረን ምን ነበር፣ አሉት። ብነግራችሁማ፣ አለ፣ ለአንድ ቀን ዕቃችሁን ሁሉ አስገብታችሁ ትጠብቁኝ ነበር። እኔም ሰፊ መንገድ ለክቼ እሄድ ነበር።

«መኪናው የሚመጣው እናንተ ዕቃ ባወጣችሁበት ቀን ነው» አለ። «እኔ የፈለግኩት የዚያን ቀን ወርድ ነው።»

ዓይኔ ወደ እኔ ጣቃዎች ሄደ። እሱን መቆሚያ ለማሳጣት ብዬ ያወጣኋቸው እንደቆሙ ነበሩ፤ እነሱም ተለክተዋል። ግን አመንኩት ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ጥሩ ታሪክ የሚያወራ ሰው መርካቶ ውስጥ ሞልቷል። በምን እናውቃለን አልኩት። አንሡትና እዩ አለ።

አነሣነው። እትዬ ዕቃቸውን ራሳቸው በማዳበሪያ ከረጢት እየጨመሩ አወረዱ፤ ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። ጣውላው ሲነሣ እውነትም ክዳኑ አለ። ክዳኑ ሲከፈት ጉድጓዱ በጭቃ፣ በካርቶን ማጠንጠኛና በጣውላው ክፍተት ሾልከው በወደቁ ቁልፎች ተሞልቶ ነበር። ነጭ፣ ቀይ፣ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ ዓመታት ሙሉ የወደቁ። ተሸካሚዎች በባልዲ ጠረጉት። ከታች የውኃው መክፈቻ ዝጎ ተገኘ። ማዞሪያ ቁልፍ የለውም። ሰውዬው ቢሮው እስኪልክ ሊቆይ ይችላል ሲል ጋሼ ልኩን በሽቦ ወሰዱና ምን አለሽ ተራ ወዳለ ብረት ቀጥቃጭ ወዳጃቸው ሄዱ። ከአሮጌ መኪና ብረት የተሠራ፣ ክንድ የሚያህል ቁልፍ ተሸክመው ከምሳ በኋላ ተመለሱ።

ሁለት ሰው ተጋግዞ አዞረው። ምንም አልመጣም። ከሰዉ መሐል አንዱ፣ አላልኳችሁም፣ ለሌላ ነው፣ ሲል ሰማሁ። እኔም ውስጤ ያንኑ ይል ነበር። ከዚያ መሬቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ጭቃ ተፋ፣ ወዲያው ቡናማ ውኃ ወጥቶ የመተላለፊያውን ድንጋይ አለበሰው። ደጅ ካቆምኳቸው ጣቃዎች ሁለቱ እስከ ጉልበታቸው ራሱ። ውኃው እየጠራ ሲሄድ እትዬ ባዶውን የመደባቸውን ቦታ እያዩ ቆመዋል። አላለቀሱም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከረጢቶቻቸውን ከውኃው ያሸሹ ነበር።

ማንም ሳይጠይቃቸው ጋሼ ወደ ሱቃቸው ገቡ። የመስታወት ቁም ሳጥናቸውን ሲገፉ ሰማን። በራቸው ላይ አንድ ሰው ከነዕቃው የሚያስቀምጥ ጥግ ከፈቱ።

«ሰው መፈናፈኛ ሲያጣ ነው ክፉ የሚመስለው» አሉኝ፣ እትዬ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነይ ብለሽ ጥሪያት፣ ልጄ።»

ጠራኋቸው። ከጋሼ ጥግ በተጨማሪ የእኔን የውጭ ግድግዳ ለዚፕ መስቀያ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው። የጋሼን ተቀበሉ። የእኔን እግዜር ይስጥሽ ብለው ተዉት።

ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣ ቀን ሊሰናበት ሱቄ ገባ። አንድ ነገር በእውነት ንገረኝ አልኩት። ይሄ የወሰድከው ሁሉ፣ ወርዱም ኬክሮሱም፣ ለእሳት ብቻ ነው የሚያገለግለው? አዎ ብሎኝ ቢሄድ አላምነውም ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ አሰበ።

«እኔን የላኩኝ ሰዎች ለእሳት ነው የሚፈልጉት። ሰጥቻቸው ከወጣሁ በኋላ ማን እንደሚያየው ግን አላውቅም» አለኝ።

ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከልጁ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ነገር ይሄ ነው አሉ። እኔም እስከዛሬ የማምነው በዚያ መልሱ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ግድግዳዬን ቀለም ተቀብቶ እንደሆነ ገልመጥ አድርጌ አያለሁ።

ክዳኑ ዙሪያ ቢጫ መስመር ተሠምሮበታል። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ዕቃችንን አስገብተን መተላለፊያው ሰፍቶ የሌላ ሰፈር መስሎ ነበር። ቀስ በቀስ አንድ ባልዲ ወጣ፣ አንድ ፍራሽ ወጣ። አሁን ከሁሉ በላይ ጮኸው ዕቃ የሚያስነሡት እትዬ ናቸው። ከጋሼ በር ላይ ተቀምጠው፣ አንተ፣ መስመሩን አልፈሃል፣ ሲሉ ፍራሽ ሻጩ ይሸማቀቃል።

ከእኔ ጋር ሰላምታችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የተመለሰው። ፋሲካ ሲቃረብ ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና አንድ ቀን መንገዱን ተሻግረው ሱቄ ገቡ። መጋረጃ ለሙሽራዋ ቤት አሉኝ። ክሬም ቀለም መረጡ። ሳይቀጠል የሚወርደውን፣ ሰፊውን አወረድኩላቸው። ሜትሬን ዘርግቼ ልለካ ስል የጨርቁን አንዱን ጫፍ ከእጄ ወሰዱ። ራሳቸው ባንኮኒው ላይ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙትና ዓይናቸውን ከሜትሩ ላይ ሳይነቅሉ፣ ለኪ አሉኝ። ለካሁ። ስጨርስ እንደገና ለኪ አሉኝ። እንደገና ለካሁላቸው።